አፍንጫዬን ይዤ እስከ ግራስ

(ከፍራንክፈርት)

ሰው ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሲሄድ ባሕር ሊያይ፣ ፀሐይ ሊሞቅ፣ አቅሙ ከፈቀደም ካን ወደብ ላይ የታሰሩትን የከበርቴ ጀልባዎች እየቆጠረ ሊዝናና ነው። እኔ የሄድኩት በአፍንጫዬ ምክንያት ነው ብላችሁ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ባለቤቴም ስቃለች። «ሐኪም እዚሁ ፍራንክፈርት ሞልቶ የለም እንዴ? የሽቶ ከተማ ምን ሊያደርግልህ ነው?» ነበር ያለችኝ። እውነቷን ነው፤ የሽቶ ከተማ አፍንጫ አያድንም። ቢሆንም ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይለኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በስደት ቀኑም አብሮን ተሰድዷል።)

በጥር 2022 ኮሮና ያዘኝ። ሦስት ቀን ትኩሳት፣ አንድ ሳምንት ድካም፣ ከዚያ ተነሣሁ። ያን ሰሞን ባለቤቴ ሽንኩርት ስታቁላላ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ነገር እንደጎደለ ገባኝ። ጠጋ ብዬ ድስቱ ላይ አጎነበስኩ። እንፋሎቱ ፊቴን አሞቀው፣ ዓይኔን አስለቀሰው፣ ሽታ ግን የለም። ንጥር ቅቤውን ከፍቼ አፍንጫዬን ልነክረው ምንም አልቀረኝም። ውሃ ነው። የኮረሪማውን ብልቃጥ ከፈትኩ። እሱም ውሃ ነው። ዓለም በሙሉ በሳሙና ታጥባ፣ ያውም ሽታ በሌለው ሳሙና፣ የተሰጣች መሰለችኝ።

ምግብ ደግሞ ሌላ ጉድ ሆነ። በርበሬው ያቃጥለኛል፣ ጨው ጨው ይላል፣ ሎሚው ይኮመጥጠኛል፤ ነገር ግን ዓይኔን ከጨፈንኩ ዶሮ ወጥና ምስር ወጥ አይለዩኝም። ኋላ ሐኪሜ ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ። ምላስ የምታውቀው ጣፋጩን፣ ጨዋማውን፣ ኮምጣጣውን፣ መራራውንና የሥጋ መረቅን ጣዕም ነው፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አትዘልቅም። የበርበሬ ማቃጠል ጣዕምም ሽታም አይደለም፣ የፊትን ሕመምና ሙቀት የሚያደርስ ሌላ ነርቭ አለ፣ በእሱ በኩል ነው የሚሄደው። የቀረው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው። ስናኝክ የምግቡ ሽታ በጉሮሮ ጀርባ ሽቅብ ወጥቶ አፍንጫን በኋላ በር ይገባዋል። «የእናቴ እጅ ይጣፍጣል» የምንለው፣ አብዛኛው እንግዲህ በዚህች የኋላ በር የገባ ነው። ምስጋናውን ግን ምላስ ትወስዳለች።

አራት ወር ያህል እንዲህ ቆየሁ። ከዚያ አንድ እሑድ ሽታ ተመለሰልኝ። ተመለሰልኝ ልበል ይሆን? እንግዶች ነበሩ። ባለቤቴ ቡናውን ቆልታ፣ እንደ ወጉ መቁያውን ይዛ ጭሱን ልታሸተን ዞረች። እኔም እንደ ወጉ በእጄ ጭሱን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግኩ። የሞተ አይጥና የተቃጠለ ላስቲክ አንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ገቡ! አፌን ይዤ ወደ በረንዳው ሮጥኩ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቡና ሊቆላ ሲል «አንዴ ስልክ ልደውል» እያልኩ ከቤት መውጣት ልማዴ ሆነ። ሰው ይታዘባል። «ከሰው ጋር ቡና አልጠጣም ማለት ጀመረ፣ ኮራ» መባሌን ሰማሁ። በስደት ላይ ያለ ሰው ከቡና ተነሥቶ ሲወጣ ከምን እንደሚወጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ዋናው ነገር ግን ይህ አልነበረም። በመጋቢት 2022 እናቴ አዲስ አበባ ላይ ዐረፈች። መሄድ አልቻልኩም፤ ለምን እንዳልቻልኩ ወረቀቱን የሚጠብቅ ሁሉ ያውቀዋል። በክረምቱ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ስትመጣ እኅቴ የእናቴን ነጠላ በፌስታል ጠቅልላ ላከችልኝ። «ሳይታጠብ ነው የላክሁልህ፣ እሷን እሷን ይሸታል» የምትል ቁራጭ ወረቀት አብራ ነበረች። በሩን ዘግቼ ፌስታሉን ፈታሁ፣ ፊቴን ቀበርኩበት። ምንም። ቡናን በከት ማድረግ የሚያውቅበት አፍንጫ ለእናቴ ነጠላ ምንም የሚለው አልነበረውም። መልሼ ቋጠርኩትና ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አፍንጫዬ እስኪመለስ ሽታው ይጠብቀኛል? ሐኪሜን ብጠይቃቸው «የአፍንጫውን እኔ አውቃለሁ፣ የጨርቁን ግን ሽቶ ሠሪ ጠይቅ» አሉኝ። ለቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን በመስከረም 2023 ሻንጣዬን አነሣሁ።

ከፍራንክፈርት እስከ ማርሴይ ቀጥታ ባቡር አለ፤ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማርሴይ ላይ የድሮ የትምህርት ቤት ወዳጄ ተቀበለኝ። ፈረንሳይኛውን እንደ ውሃ የሚጠጣ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። «አንተ አፍንጫ የለህም፣ እኔ ሥራ የለኝም፣ አብረን እንሄዳለን» አለኝና በማግሥቱ ካን ደረስን። ከካን ትንሽዬ ባቡር ወደ ተራራው ሽቅብ ይዞን ወጣ፤ 17 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግራስ የምትባለው ከተማ ከባሕሩ ራቅ ብላ ተረተር ላይ የተንጠለጠለች ናት። ባቡር ጣቢያው ከታች፣ አሮጌው ከተማ ከላይ ስለሆነ ሰው የሚገባው እያለከለከ ነው። እንጦጦን የወጣ ሰው አይደነግጥም።

ጎዳናዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ሲተላለፉ አንዱ ትከሻውን ማዞር አለበት። ግድግዳው ብጫና ቀይ አፈር የመሰለ ቀለም ያለው፣ ብዙው የተላላጠ፣ መስኮቱ ላይ ልብስ የተሰጣበት ነው። ስሟን የሰማ ሰው ግራስ ስትደርስ መዓዛ እንደ ጉም የሚቀበለው ይመስለዋል። እኔ አፍንጫ ስለሌለኝ ከወዳጄ ተዋስኩ። «እሺ፣ ምን ይሸትሃል?» እለዋለሁ በየማዕዘኑ። «ናፍጣ» ይላል። ጥቂት ሄደን፤ «የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት»። ቀጥሎ፤ «ድመት»። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ስንደርስ ግን ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። «ምንድነው?» ብለው «ተወኝ እባክህ» አለኝ። በሕይወቴ በሰው ቀንቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ቀናሁ።

የዚህች ከተማ ነገር ሲጀመር መዓዛ ሳይሆን ግማት ነው። ግራስ ድሮ የቆዳ ፋቂዎች ከተማ ነበረች። ፕላስ ኦዜር የሚባል ፏፏቴ ያለበት አደባባይ አለ፤ ዛሬ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ወይን የሚጠጣበት፣ ያኔ ቆዳ አልፊዎች ይሠሩበት የነበረ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የመኳንንቱ እጅ ላይ የሚውለው ጓንት የቆዳ ሽታ ስለነበረው ፋቂዎቹ ጓንቱን በአበባ ዘይት ማሸት ጀመሩ። ከዚያ ጓንቱ ቀረ፣ ሽቶው ቆየ። በእኛ አገር «ፋቂ» እያልን አብረነው ማዕድ ያልቆረስነው ባለሙያ እዚህ ከተማ መሥራች ነው። በ2018 ዩኔስኮ የግራስን የሽቶ ጥበብ፣ ከአበባ እርሻው እስከ ቅመማው፣ በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ሩሲያዊው ደራሲ ኢቫን ቡኒን ከአብዮቱ ሸሽቶ ከተሰደደ በኋላ ረጅም ዘመን የኖረው እዚሁ ግራስ ነው። የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት በ1933 ሲደርሰውም ስደተኛ ነበር። ሀገሩን እየጻፈ እዚያው ተራራ ላይ ከረመ፤ ሳይመለስም በ1953 ፓሪስ ላይ ሞተ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ለስደተኛ የሚስማማ አየር ነው ማለት ነው» አለ። እኔ ግን ያሰብኩት ቡኒን ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት የጃዝሚን ሽታ እየገባ ስለ ሩሲያ በረዶ መጻፉን ነው።

ሽቶ ቀማሚውን ፈረንሳዮች በአጭሩ «አፍንጫ» ነው የሚሉት። «እገሌ የእገሌ ቤት አፍንጫ ነው» ይባላል። ስንት ዓመት ተምሮ፣ ብዙ ብልቃጥ ከፊቱ ደርድሮ፣ ሽታን በስሙ የሚጠራ ሰው ነው። ለመሆኑ አፍንጫ እንዴት ነው የሚያሸተው? ይህ ነገር ከብርሃንና ከድምፅ ይልቅ ብዙ ዘመን ተደብቆ የቆየ ምሥጢር ነው። የማሽተት ስፍራው ከአፍንጫ ጣሪያ ላይ፣ ከሁለቱ ዓይኖች መካከል ከፍ ብሎ የተለጠፈ፣ በየቀዳዳው ከፖስታ ቴምብር ብዙ የማይሰፋ እርጥብ ቆዳ ነው። ዝም ብለን ስንተነፍስ አየሩ ከሥሩ ያልፋል። «እስኪ ምን ይሸታል» ብለን ሳብ ሳብ ስናደርግ ነው በደንብ ወደ ላይ የሚወጣው። እዚያ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ነርቮች ፀጉር የመሰሉ ጫፎቻቸውን ንፍጡ ውስጥ ዘርግተው ይጠብቃሉ። እስቲ አስቡት፤ የአንጎል ነርቭ እንዲህ እርቃኑን አየር ላይ የተሰጣበት ሌላ ቦታ በአካላችን ውስጥ የለም።

በእነዚህ ነርቮች ላይ ያሉትን «ተቀባዮች» ያገኟቸው ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች ናቸው። በ1991 በአይጥ ላይ ባደረጉት ምርመራ የማሽተት ጂኖች እጅግ ሰፊ ቤተሰብ መሆናቸውን አሳዩ፤ በ2004 ለዚህ ሥራ ኖቤል ተሸለሙ። አይጥ ወደ 1,000 የሚጠጋ ዓይነት ሲኖራት ሰው የሚሠራለት 400 ያህል ነው። እያንዳንዱ ነርቭ ከእነዚህ አንዱን ዓይነት ብቻ ይይዛል። ታዲያ 400 ዓይነት ይዘን ስፍር ቁጥር የሌለውን ሽታ እንዴት ለየነው? በ1999 የበክ ባልደረቦች ያሳዩት ይህንን ነው፤ አንዱ ሽታ ብዙ ተቀባዮችን ይቀሰቅሳል፣ አንዱም ተቀባይ በብዙ ሽታዎች ይቀሰቀሳል። ለእኔ የገባኝ በፊደል ነው። የእኛ ፊደል ከሀ እስከ ፐ ሰባት ጊዜ 33፣ 231 ነው፤ በእሱ ግን የማንጽፈው ቃል የለም። አፍንጫም 400 ፊደል አለው፤ እያንዳንዱ ሽታ ከበርካታ ፊደል የተሠራ ቃል ነው። በ2023 ደግሞ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የሰውን አንድ የሽታ ተቀባይ፣ የያዘውን ሽታ እንደጨበጠ፣ ቅርጹን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር አይተውታል። አንዷን ፊደል ማለት ነው።

የነርቮቹ ክር ከአፍንጫ ጣሪያ ወደ አንጎል የሚሻገረው ወንፊት በመሰለ አጥንት ቀዳዳዎች ነው፤ ስሙም ያው ወንፊት ማለት ነው። (በመኪና አደጋ ራሱን ተመትቶ ማሽተት ያቆመ ሰው ታውቁ እንደሆነ፣ ክሮቹ ወንፊቱ ላይ ተቆርጠውበት ነው።) ከወንፊቱ በላይ የአንድ ዓይነት ተቀባይ ክሮች ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከዚያ መልእክቱ ቀጥታ ደስታና ፍርሃት፣ ትዝታም ወደሚኖርበት የአንጎል ጓዳ ይገባል። ዓይንና ጆሮ መጀመሪያ የሚያልፉበት ደጅ ጠባቂ አለ፤ ሽታ ግን እንደ ቤተኛ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። አንድ ሰው ሸራተን ሆቴል ውስጥ ሲያልፍ ድንገት የልጅነት ሰፈሩ ድቅን የሚልበት በዚህ የተነሣ ነው።

ታዲያ እኔን ምን አገኘኝ? ቫይረሱ ነርቮቹን ራሳቸውን አይደለም የሚያጠቃው፤ የሚገባበት በር ያላቸው ነርቮቹን ከበው የሚደግፉት ሕዋሳት ናቸው። ምሰሶው ሲወድቅ ጣሪያው አብሮ ይወርዳል። ደግነቱ የአፍንጫ ነርቭ ከሥሩ እየታደሰ እንደገና የሚበቅል ነው፤ የዓይን ነርቭ ይህ ዕድል የለውም። አዲሱ ነርቭ ግን ክሩን በወንፊቱ አሾልኮ ቦታውን መፈለግ አለበት፤ ሁሉም አንድ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ቃሉ ፊደል ጎድሎት ይነበባል። «በረከት» የሚለውን ጽፋችሁ አንዷ «ረ» ብትወድቅ ምን እንደሚቀር ተመልከቱ፤ «በከት»! የቡናዬ ነገር ይኸው ነው። የተቆላ ቡና ከ800 በላይ ተናኝ ነገሮች አሉት። በ2022 የእንግሊዝ ሀገር የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ እንደኔ አፍንጫቸው የተዛባባቸውን ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስመልሳቸው አንድ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር ነው፤ ለጤነኛ ሰው ግን ያው «ቡና ቡና» የሚለው ነው። የቡናን ደስታና የእኔን ስቃይ የያዘችው አንዲት ነገር ናት።

ፖል ብሮካ የተባለ ታዋቂ ፈረንሳዊ የአንጎል ሐኪም በ19ኛው መቶ ዘመን፣ የሰው የማሽተት አቅም ደካማ ነው ብሎ ነበር፤ ዓለምም ተቀብሎት ኖረ። በ2017 ጆን ማክጋን የተባለ አሜሪካዊ ይህ መሠረት የሌለው የቆየ እምነት መሆኑን ጽፏል። እንዲያውም በበጋው መጨረሻ የመጀመሪያዋ ዝናብ አፈሩን ስትመታ የሚነሣውን ሽታ የሰው አፍንጫ እጅግ በጣም ጥቂቱን ያውቃል። ጂኦስሚን ይሉታል፤ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነው። እኛ «አፈሩ ሸተተ» እንላለን።

በማግሥቱ ከግራስ ወረድ ብላ ወዳለችው ሙዋን ሳርቱ በባቡር ሄድን። የግራስ ዓለም አቀፍ የሽቶ ሙዚየም የሽቶ ተክሎች የሚያሳይበት የአትክልት ስፍራ እዚያ አለው። ሰው ቅጠሉን እያሸ፣ እያሸተተ ያልፋል። የጃዝሚኑ ወራት ነው፤ አበባው ንጋት ላይ ነው የሚለቀመው፣ ፀሐይ ከበረታች ሽታው ይሄድበታላ። ለአንድ ኪሎ አበባ ወደ 8,000 የሚጠጋ ፍሬ በእጅ መልቀም ነው። እኛ ጠምበለል የምንለው ሐረግ የዚሁ ዘመድ ነው። ወዳጄ አንዷን አንሥቶ ሰጠኝ። አሸተትኩ። ቀጭን፣ የራቀ፣ መጸዳጃ ቤት መጸዳጃ ቤት የሚል ነገር መጣብኝ። አፈርኩ። ራሴን ስነቀንቅ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አዩኝና ወዳጄን ምን እንደሆንኩ ጠየቁት። ነገራቸው። እሳቸው ግን ሳቁ። «አልተሳሳተም እኮ» አሉ። «ጃዝሚን ውስጥ ኢንዶል አለ፤ ኢንዶል ዓይነ ምድርም ውስጥ አለ። ጥቂቱ አበባ ነው፣ ብዙው ቆሻሻ ነው። አፍንጫው ያነበበው አንዱን ፊደል ነው።» የእኔን ምሳሌ ሳልነግራቸው ፊደል ማለታቸው ደነቀኝ።

ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ኢትዮጵያ ስንል እንደ ለመድነው ረሃብ አላሉም፣ አበበ ቢቂላ አላሉም፣ ጃንሆይም አላሉም። ሁለት እጃቸውን አንሥተው «አ! ላ ሲቬት!» አሉ። ዝባድ ማለታቸው ነው።

እኚህ ሙሴ በወጣትነታቸው፣ በ1960ዎቹ፣ ግራስ ውስጥ በአንድ የሽቶ ቅመም ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ተረካቢ ነበሩ። ዝባዱ ከእኛ ሀገር የሚመጣው በከብት ቀንድ ተሞልቶ፣ አፉ በቆዳ ተለብጦ ነበር። የጅማ፣ የኢሉባቦርና የወለጋ ሰው ያውቀዋል፤ ጥሪኝን ጠባብ የእንጨት ማጎሪያ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከጅራቷ ሥር ካለው እጢ በየጥቂት ቀኑ ዝባዱን እየፋቀ ያጠራቅማል። የአውሬዋ ስቃይ በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅቶችን አስነሥቷል፤ ትክክልም ናቸው። ለእኔ ግን ሌላም ነገር ታየኝ። ከአውሮፓ የሽቶ ጠርሙሶች በስንቱ ውስጥ የእኛ ገበሬ ቀንድ እንደገባ ማንም ጠርሙሱ ላይ አልጻፈም። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ስዊስ ሀገር ይሠራ የነበረ ሊቅ በ1926 የዝባድን ዋና ሽታ ሥሪት ፈታ፤ 17 የካርቦን አቶሞች ክብ የሠሩበት ነው። በ1939 ኖቤል ሲሸለም ከሥራዎቹ አንዱ ይህ ነበር። ዛሬ አብዛኛው በፋብሪካ የሚሠራ ነው።

ሙሴው ቤታቸው ወሰዱን። አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው የሚንቋቋ። ከመጻሕፍት መደርደሪያቸው ላይ አንድ ጥቁር ቀንድ አወረዱ። ባዶ ነው፤ «ባዶ ከሆነ ሃምሳ ዓመት አልፎታል» አሉ። ክዳኑን ሲያነሡ ወዳጄ «ኧረ በስመ አብ!» ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ተጠጋሁ። ሃምሳ ዓመት! የጂማ ጫካ ሃምሳ ዓመት ቀንድ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ያባርራል! እኔን ግን ምንም አላባረረኝም። ሙሴው አንድ ብልቃጥ አወጡ፤ ያው ዝባድ በአልኮል እጅግ ቀጥኖ ነው። የወረቀት ዘንግ ነክረው ሰጡኝና «አትቸኩል፣ አልኮሉ ይሂድ» አሉኝ። ጠበቅኩ። ሳብ አደረግኩ። ምንም። ደግሜ ሳብሁ። ከዚያ በጣም ከሩቅ፣ ግድግዳ ከኋላው ያለ ያህል፣ ሞቅ ያለ ነገር መጣ። የማር ሰፈፍና ፀሐይ የመታው ቆዳ መካከል ያለ። ስሙን አላወቅኩትም፤ ነገር ግን የተቃጠለ አልነበረም፣ የበከተም አልነበረም። በሃያ ወር ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ዘንጉን ይዤ ብዙ ቆየሁ መሰል፣ ወዳጄ ትከሻዬን ነካኝ።

ያን ጊዜ የነጠላውን ነገር ጠየቅኳቸው። ወዳጄ እየተረጎመ ሳለ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ፤ እናቴን ያውቃታል፣ ከእጇ በልቷል። ሙሴው ወዲያው አልመለሱም። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «ሽታ ማለት ከዕቃው ላይ ተነሥቶ የሚሄድ ነገር ነው። ባይሄድ አይሸትም ነበር። ባሸተትከው ቁጥር ጥቂቱን ትወስዳለህ።» ቀላሉ መጀመሪያ ይሄዳል፣ እንደ ሎሚ፤ ከባዱ ይዘገያል፣ እንደ ዝባድ፣ እንደ ዕጣን፣ እንደ ጭስ። ሽቶ ቀማሚ ዝባድ የሚጨምረው ሌላውን ይዞ እንዲያቆይለት ነው። «እናትህ ምን ትጠቀም ነበር?» አሉኝ። የወይራ ጭስ፣ አደስ ያለበት ቅቤ፣ ዕጣን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጭሱና ዕጣኑ ይቆዩሃል። ቅቤው ከጊዜ ጋር ይለወጣል። የሰውነቷን…» ብለው እጃቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ። በምን እንዳስቀመጥኩት ሲሰሙ ግን ተቆጡ። ፌስታል ሽታ ያሳልፋል፣ የራሱንም ያበድራል! በመስተዋት ዕቃ፣ ክዳኑ ጥርቅም የሚል፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ። ደግሞም አፍንጫህ እስኪበረታ አትክፈተው።

ፍራንክፈርት ስመለስ መጀመሪያ የገዛሁት አፈ ሰፊ የመስተዋት ዕቃ ነው። ባለቤቴ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ነጠላውን ከፌስታሉ ስታዛውር ትንፋሿን ይዛ ነበር፣ እንዳትወስድብኝ ይመስለኛል።

የሐኪሜን ልምምድም ሳላቋርጥ ይዣለሁ። በ2009 ድሬስደን ውስጥ ቶማስ ሁመል የተባሉ ሐኪም ያወጡት ነው፤ ጠዋትና ማታ አራት ሽታ፣ እያንዳንዱን አሥር ሰከንድ፣ ለሳምንታት። ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍ። መጀመሪያ ዝርዝሩን ሲሰጡኝ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ሎሚውና ቅርንፉዱ ከእናቴ ጓዳ፣ ባሕር ዛፉ ከግቢያችን ጀርባ የወጡ ናቸው። እያሸተቱ ያ ሽታ ምን እንደነበር በሐሳብ መጥራት አለ። ባሕር ዛፉን ስይዝ የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚ እናቶች አስባለሁ፤ ከጀርባቸው ቅጠሉ እየተንሿሿ ቁልቁል ሲወርዱ።

ባለፈው እሑድ እንግዶች መጡ። ቡናው ሲቆላ በረንዳ ወጣሁ፣ ሲፈላ ተመለስኩ። አቦሉን አፍንጫዬን ይዤ ጠጣሁት። ቶናው ላይ እጄን ከአፍንጫዬ አነሣሁ። ላስቲኩ ገና አለ፤ አይጡ ግን የለም። ባለቤቴ እያየችኝ ነበር። «ምን ይሸትሃል?» አለችኝ። ቅርንፉዱን ከሎሚው ለይቼ አውቃለሁ፣ ጽጌረዳዋ በዐሥር ቀን አንዴ ብቅ ትላለች፣ ባሕር ዛፉ ገና ነው። የመስተዋቱ ዕቃ ቁምሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከክረምት ካፖርቶቹ ኋላ ተቀምጧል።